ከወንፊቱ የወደቀው

የወደቅኩበትን የትምህርት ዓይነት ስነግራቸው ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ያዝናሉ፣ ከዚያ ማዘናቸውን ይረሱና እንደገና ይስቃሉ። ሒሳብ አይደለም፤ ፊዚክስም አይደለም። ገንዳ ውሃ ተወልጄ፣ ሰሊጥ እየረገጥኩ አድጌ፣ አባቴ ዕድሜ ልካቸውን በሰሊጥ መጋዘን ናሙና እየወሰዱ ደረጃ ሲያወጡ እያየሁ፣ እኔ የወደቅኩት «የድኅረ ምርት አያያዝ» በሚባል ትምህርት ነው። በሰው አማርኛ፣ እህሉ ከታጨደ በኋላ ምን ይደረጋል ማለት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እኔን አይተው መሆን አለበት።

የኮሌጁን ስም አልጠራም። እሱም የእኔን ስም ጠርቶ አያውቅም፤ የምንተዋወቀው በመታወቂያ ቁጥር ነበር። ውጤትም የሚለጠፈው በቁጥር ነው፣ የተማሪው ክብር እንዳይነካ ነው አሉ። የከተማውን ባጃጅ ሁሉ ከነታርጋው በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ የእኔን አራት አኃዝ መያዝ ያቅተዋል ብለው ያሰቡትን ሰዎች አደንቃለሁ። ክብሬ ከማስታወቂያ ሰሌዳው እስከ መናኸሪያው እንኳ አብሮኝ አልዘለቀም።

ከቁጥሩ ጎን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፋል። «ፓስ» የተባለ ሰሌዳው ስር ቆሞ ሌላውን ያጽናናል። «ወርኒንግ» የተባለ ወባ ይዞት እንደነበር ያወራል፤ ወባ በእኛ አገር በሽታም ናት፣ ሰበብም ናት፣ እንዳስፈላጊነቱ። «ዲስሚሳል» የተባለ ግን ሰሌዳው አካባቢ አይታይም። አብደራፊ እርሻ ቦታ ሄዶ ትራክተር ላይ ረዳት ሆነ ሲባል ይሰማል።

ደንቡ ቀላል ነው። አማካይ ነጥብሽ ከሁለት በታች ከወረደ ማስጠንቀቂያ ይጻፍልሻል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ካላነሣሽው ትሰናበቻለሽ። ይኼ ሁሉ የተማሪዎች መመሪያ በሚባል መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል። ተማሪ ሆኖ መጽሐፉን የሚያነብ የለም፤ ከተባረረ በኋላ ግን እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

እኔ ማስጠንቀቂያው የተጻፈልኝ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ወባ አልያዘኝም ነበር። ክላስ ስለማልገባ ነው፣ በቃ። የድኅረ ምርቱ መምህር ከደጋ የመጣ፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎት አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጎ የሚያስተምር ወጣት ነው። እሱ ስለ ሰሊጥ ሊነግረኝ? እኔን? ሰሊጥ ገና ተክሉ ላይ ሳለ ምን እንደሚመስል እንኳ እዚህ ከመጣ ወዲህ ያየ ይመስለኝ ነበር። እሱ በፎጣው ላቡን እየጠረገ ሲያስረዳ እኔ ጓደኞቼ ጋር ማንጎ እየበላሁ ትምህርቱን ንቄ አሳልፍ ነበር።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስለነበር ቤት ውስጥ የማንበቡ ሥልጣን የእኔ ነው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ክትትል እናደርግልሻለን ይላል፣ አባባ።»

ውሸት አይደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ ክትትል የምትል ቃል አለች። ከፊቷና ከኋላዋ ያለውን ብቻ ነው የተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አባቴ ደስ አላቸው። ማታውኑ ጎረቤታችን ሱቅ ሄደው ለባለሱቁ ለሐጂ «ልጄን መንግሥት እየተከታተላት ነው» ብለው ነገሯቸው። ሐጂ ድንበር ላይ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ መንግሥት ሲከታተል እንዴት እንደሚያደርግ ከአባቴ በላይ ያውቃሉ። «አላህ ይጠብቃት» አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከድንበሩ ማዶ ያለው ጦርነት ንግዱን ስላቀዘቀዘባቸው ጊዜ ተርፏቸው፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «ኩሉ ተማም?» ይሉኛል። እኔም «ኩሉ ተማም» እላለሁ። ሁሉ ደህና፣ ሁሉ ሰላም። በዐረብኛ ሲሆን መዋሸት ይቀላል።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ትንሽ ደንግጬ ክላስ ገባሁ፤ የገባሁትም ለሌሎቹ ትምህርቶች ነው። የሰሊጡን ንቀቴን አልተውኩም። ጊዜያዊ ውጤት ሲለጠፍ ሁሉንም አልፌያለሁ፣ ያንኑ የሰሊጡን ትምህርት ግን አርባ ሰባት። ሃምሳ ብትሆን አማካይ ነጥቤ ሁለትን ዘሎ ኮሌጁ ውስጥ እቆያለሁ። ሦስት ማርክ ናት በእኔና በአብደራፊ ትራክተር መካከል የቆመችው። ቅሬታ ማቅረቢያው ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ይጸድቃል።

መምህሩ ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ። ወረቀቴን አውጥቶ ዘረጋው። አንድ ጥያቄ ስለ ሰሊጥ ናሙና አወሳሰድና ስለ ደረጃ አወጣጥ ይጠይቃል፣ ስድስት ማርክ ነው፣ ሦስት ሰጥቶኛል።

«መልስሽ ከሃንድአውቱ ጋር አይገጥምም» አለኝ። «ግን እውነቴን ነው የምነግርሽ፣ እዚህ አገር በተግባር እንዲህ ይሠሩ እንደሆነ አላውቅም። ለዛ ነው ግማሹን የሰጠሁሽ።»

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። «መምህር፣ አባቴ እኮ የመጋዘን ናሙና ወሳጅ ናቸው። ሲሠሩ በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ሰውዬው ተናዶ ያባርረኛል ስል ፊቱ በራ። ከመጣ ጀምሮ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው አጥቶ ኖሯል። «እንግዲያው አምጪያቸው» አለኝ። «መልሱን አነብላቸዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልናገርም፣ አንቺም እንዳትነግሪያቸው። ልክ ነው ካሉ ስድስቱንም ትወስጃለሽ።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

እንዳትነግሪያቸው ባይለኝም አልነግራቸውም ነበር። ልንገር ብል ከየት እጀምራለሁ? ስለ ሦስቱ ማርክ ካወራሁ ስለ መባረር ማውራት ሊኖርብኝ ነው፤ ስለ መባረር ካወራሁ «ክትትል» ብዬ ያነበብኩት ደብዳቤ ሊመጣ ነው። ደግሞስ ምን አስጨነቀኝ? መልሱ ልክ ነው። የአባቴን ሥራ እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው?

«ኮሌጁ ስለ ሰሊጥ የሚያማክረው ባለሙያ ፈልጎ እርስዎን ጠርቷል» አልኳቸው። አባቴ ሌላ ምንም አልጠየቁም። በማግስቱ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት በዚያ ሙቀት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ባጃጅ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ባለሀብቶቹ ከጎንደር በመኪና መጥተው «አባቴ፣ ይቺን ሰሊጥ ትንሽ ከፍ ቢያደርጓት» እያሉ ሲለማመጧቸው ንቅንቅ የማይሉ ሰው ናቸው፤ ለዚህ ይመስለኛል ኮቱ ያው አንድ ኮት የሆነው።

መምህሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው። የራሱን ወንበር ሰጣቸው፣ ማራገቢያውን ወደ እሳቸው አዞረላቸው። እኔ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንድ ተማሪ እንዲህ ሲል ጽፏል» ብሎ ማንበብ ጀመረ። ለጥንቃቄ ብሎ ወንድ አድርጎኛል። «ናሙናው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ካሉ ጆንያዎች ይወሰዳል።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በደንብ ይቀላቀላል።»

ነቀነቁ።

«በወንፊት ይነፋል።»

አሁንም ነቀነቁ። እኔ በልቤ አምስተኛውን ማርክ ቆጥሬያለሁ፣ ስድስተኛውን እየጠበቅኩ ነው።

«ጉድፉ ይጣላል። ንጹሑ ሰሊጥ ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል።»

የአባቴ ራስ ቆመ። «እስቲ ይድገሙልኝ፣ መምህር።»

ደገመላቸው።

«ጉድፉን ጥሎ ምኑን ሊመዝን ነው?» አሉ። ጥያቄው ከልባቸው ነበር፤ መልሱን ከመምህሩ ጠበቁ። መምህሩ ወደ እኔ ሊያይ ብሎ ተወው። አባቴ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ስበው፣ በሌባ ጣታቸው የሌለ አፈርና ገለባ ጥግ ላይ ሰብስበው አሳዩት። «የምንመዝነው እኮ ይኼን ነው፣ የወደቀውን። ይኼን ያህል አፈር፣ ይኼን ያህል ገለባ አለበት ብለን ነው ደረጃ የምናወጣው። ጉድፉን ደፍቶ ንጹሑን የሚመዝን ሰውማ፣ የመተማ ሰሊጥ በሙሉ አንደኛ ሆነለት።»

መምህሩ ሳቀና ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። «በተግባርም እንዲሁ ነው?»

«በተግባርም እንዲሁ ነው። ይኼ ልጅ ሰሊጥ አይቶ አያውቅም። ከደጋ የመጣ ይሆናል፣ አይፈረድበትም።»

ከደጋ የመጣው መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስት ሰጥቼው ነበር» አለ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ።

«ከስንት?»

«ከስድስት።»

አባቴ ጥቂት አሰቡ። «በዛ» አሉ።

በልጅነቴ ምሳ ይዤላቸው መጋዘኑ ድረስ እሄድ ነበር። ወንፊቱን ይዘው ሲነፉ፣ ንጹሑን ሰሊጥ መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃን ሲያዩ ቆሜ አያለሁ። ወንፊቱ ስር ወረቀት ይነጠፋል፤ ወረቀቱ ላይ የወደቀውን ቆሻሻ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ያንን ወረቀት እንደ ዕቃ ተጠንቅቀው አንሥተው ወደ ሚዛኑ ሲወስዱት አይቼ አላውቅም። ያኔ እኔ ሳህኑን ተቀብዬ ወደ ቤት ዞሬያለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ያየሁት ሥራ ግማሹን ነው፤ በግማሹ ደግሞ መምህር ንቄበታለሁ።

መምህሩ እስከ በሩ ሸኘን። ለእኔ ቀስ ብሎ «አዝናለሁ» አለኝ። ማርኬን አልቀነሰብኝም፤ አባቴ እንዳሉት ቢያደርግ መብቱ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ አባቴን እንደዚያ ተጫዋች ሆነው አይቻቸው አላውቅም። የኮሌጅ መምህር ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ የተናገርኩትን ጻፈው፣ ሰው እኮ ሲማር እንዲህ ትሑት ይሆናል እያሉ አወሩ። ሾፌሩ ጭምር እንዲሰማ ጮክ ብለው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያንን ልጅ የምታውቂው ከሆነ ግን ምከሪው» አሉኝ። «መጋዘን ይምጣ፣ እኔው አሳየዋለሁ።»

«አባባ፣ ልጁ እኔ ነኝ።»

ሳቁ። የምቀልድ መስሏቸው ነው፤ ስቀልድ ነውና የሚያውቁኝ።

«እኔ ነኝ። ሦስቱ ማርክ ቢጨመርልኝ እቀጥል ነበር። አሁን ተባርሬያለሁ። ያኔ ክትትል ብዬ ያነበብኩልዎት ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ነበር።»

ሾፌሩን ትከሻውን ነክተው አስቆሙት። ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መንገዱ ዳር ያለች አንዲት የኒም ዛፍ ጥላ ውስጥ ገቡና ኮታቸውን አወለቁ። ጀርባቸው በላብ ርሷል። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ለቁጣ መልስ አላጣም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። አልተቆጡም።

ተናደድኩ። በእሳቸው ይሁን በራሴ እንጃ፣ ብቻ ተናደድኩ። «ብነግርዎትስ? ምን ሊፈይድልኝ? እርስዎ ለማን አዳልተው ያውቃሉ? ልጄ ናት ብለው ሊዋሹልኝ ነበር?»

ኮቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩት። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ፊቴ ቆመው «እውነት እውነት ነው» ሊሉኝ ነው፣ እኔም እሱን ይዤ ዓመት ሙሉ ላኮርፋቸው ነው።

«እዋሽልሽ ነበር» አሉኝ።

ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፤ እኔን ማየት አልቻሉም። የባለሀብት ልመና ያልበገራቸውን ሰው፣ መንገድ ዳር አቁሜ ያንን ቃል ከአፋቸው አወጣሁት። ስለ መባረሬ ይኸው እስከ ዛሬ እያሾፍኩ አወራለሁ፣ ለሱ ምላስ አላነሰኝም። ያኔ ግን አለቀስኩ። አባቴ መሐረባቸውን ኪሳቸው ውስጥ ፈልገው አጡት፤ በኮታቸው እጅጌ ፊቴን ጠረጉልኝ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ሴሚስተር ሙሉ የዋሸሁት እኔ ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ እሳቸው መምህሩ ፊት እውነቱን ስለተናገሩ ይቅርታ ጠየቁኝ።