የሩብ ሰዓቱ ሊቀመንበር

ጋሽ ሰይፈሥላሴ አንድ የጀርመን መንግሥት እንዴት እንደወደቀ ሲያጠኑ ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ የእኛን አዳራሽ ለመጣል ግን አንዴ እጃቸውን ማውጣት በቃቸው። አልዋሽም፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ በሳቸው ብቻ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

እኔ መስቱራ እባላለሁ። የምኖረው ለንደን፣ ዌምብሊ ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ አቅመ ደካሞችን ማጠብና ማልበስ ነው። የሰው እናት ሳጥብ ስውል የራሴ እናት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ መስኮት ታያለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ጎረቤቶቿን የምታውቃቸው በፈገግታ ነው። ከዚያ ቤት ያወጣት የሃርልስደኑ አዳራሽ ነበር። ጠዋት አሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ላይ አሳፍራታለሁ፣ አዳራሹ በር ላይ ትወርዳለች፣ ስመለስ እወስዳታለሁ። ስለዚህ ስለ አዳራሹ ስናገር ስለ ግድግዳና ጣሪያ የምናገር አይምሰላችሁ።

እዚያ ጓደኛ አገኘች፤ እትዬ ጌጤነሽን። ሁለቱም የወሎ ሰዎች ናቸው፣ እናቴ ከደሴ፣ እትዬ ጌጤነሽ ከሳይንት። ሲገናኙ መጀመሪያ በየትኛው አገር ቅቤ ይበልጣል ብለው ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ሁለቱ ከማሞቂያው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ይሰየማሉ። ዐርብ ቀን የኛ ሰዎች ጁምዓ ሲሰግዱ እትዬ ጌጤነሽ ቀድማ መጥታ በር ላይ ትቀመጥና የእናቴን ጫማ ትጠብቃለች። ማንም አላዘዛትም። “አንድ ቀን የሰው ጫማ አድርጋ ብትሄድብኝስ?” ትላለች። እኛ ወጥተን የክርስቲያኖቹ የዐርብ ማኅበር ሲጀምር ደግሞ እናቴ ወደ ቤት አትሄድም፤ ጥግ ይዛ ጌጤነሽን ትጠብቃለች።

ያንን አዳራሽ አንድ ያደረጉት ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ይህንንም አልክድም።

በ1963 ዓ.ም. በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱ። ታሪክ አጠኑ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረው ስለ ሄርማን ሙለር ጥምር መንግሥት ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ገንዘቡ ቆመ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይጻፍ ቀረ፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴም ለንደን መጥተው ዌምብሊ ባቡር ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ሸጡ። ጽሑፉ በካርቶን ሆኖ አልጋቸው ሥር አለ። ሚስታቸው ከሙለር ጋር አንድ ቤት መኖር ሰልችቷት ሄደች ብለው የሚያሟቸው አሉ። እኔ ግን የሚያወሩትን ስሰማ አይሰለቸኝም ነበር።

በፊት ሁለት ማኅበር ነበርን፣ የነሱና የኛ። የሕንፃው ባለቤት የእንግሊዞች በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። “ለሁለት ማኅበር አንሰጥም፣ አንድ ኮሚቴ ሆናችሁ ኑ” አሉን። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከኛ ወደነሱ፣ ከነሱ ወደኛ ተመላለሱ። የኛን ሽማግሌዎች ቤት ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው፣ የነሱን ቤት ሲገቡ መስቀል ተሳልመው። በመጨረሻ አምስት ሰው ከኛ፣ አምስት ሰው ከነሱ፣ ሊቀመንበር እሳቸው፣ ጸሐፊ እኔ ሆነን ተፈራረምን። በሩ ላይ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የድርጅቱ ሴትዮ ትርጉሙን ጠይቃኝ ነግሬያት፣ “አንበሳው ማን ነው?” አለችኝ። ያኔ ሳቅሁ።

ያን ሰሞን ከስብሰባ በኋላ ኩባያ ስናጥብ ስለ ጀርመናቸው ይነግሩኛል።

“አምስት ፓርቲ ነበሩ መስቱራዬ። አንዱ አንዱን አይወድም። አብረው መንግሥት መሆናቸውን ለማመን እንኳ አፍረው፣ መጀመሪያ ላይ ‘ሚኒስትሮቹ የገቡት በግላቸው ነው’ ይሉ ነበር።”

“ታዲያ እንዴት ሠሩ?”

“ሠሩማ። ግን ስለ አንድ የጦር መርከብ ልንገርሽ። የሙለር ፓርቲ በምርጫው ጊዜ ‘ለሕፃናት ምግብ እንጂ መርከብ አንፈልግም’ ብሎ ቀስቅሶ ነበር። ሥልጣን ላይ ሲወጡ ካቢኔው መርከቡ ይሠራ ብሎ ወሰነ። ፓርቲው ተቆጣ። አስገደዳቸው። መራሔ መንግሥቱ ሙለር ራሱ ፓርላማ ገብቶ፣ እሱ በመራው ካቢኔ ውሳኔ ላይ የተቃውሞ ድምፅ ሰጠ።”

“በራሱ ውሳኔ ላይ?”

“በራሱ። ሰው በገዛ ሥራው ላይ እጁን ካወጣ በኋላ ማን ያምነዋል?” አሉና ኩባያውን ደረደሩት።

ይህን የነገሩኝ በኅዳር ነው። ውላችንም የተጻፈው በኅዳር ነው፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። ዐርብ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሹ የኛ፣ ከስምንት ጀምሮ የዐርብ ማኅበሩ ነው ብለን ጻፍን። በብርዱ ወራት የቀትሩ ሶላት፣ ዝሁር፣ የሚገባው ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሰባት ከሩብ ላይ ወጥተን እናልቃለን። ሁሉም ተመሰጋገነ። እዚህ አገር ግን በመጋቢት መጨረሻ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጉታል። ሃምሳ ዓመት የኖረም ትናንት የመጣም ሰው በኮሚቴው ውስጥ ነበር፤ ይህን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሰዓቱ ሲቀየር ዝሁር ወደ ሰባት ሄደ፣ እኛም ጨርሰን ስንወጣ ስምንት ከሩብ ሆነ።

ሩብ ሰዓት። ጠቡ የተነሣው በዚህች ነው። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነበር፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል የማይቀምሱ ጾመኞች በስምንት ሰዓት በር ላይ ቆመው “ጊዜያችንን ተቀማን” አሉ። የኛም ሰዎች አልተሻሉም። የአክስቴ ልጅ ሙባሽር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ አርባ ዓመት የሞላው ጎልማሳ፣ “መብታችን ነው፣ አንድ ደቂቃ አንቀንስም፣ ካልፈለጉ ኮምፕሌይን ያድርጉ” ይላል። የዐርብ ማኅበሩ መሪ አቶ ዘውዴ ደግሞ ከስትሪትሃም ድረስ እየመጣ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ይንጎራደዳል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ሁለቱም ለራሳቸው ቆረሱ።

ወሬው ድርጅቱ ዘንድ ደረሰ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ለኮሚቴው ያነበብኩት እኔው ነኝ። የጋራ ኮሚቴው ከፈረሰ በሰኔ የሚያልቀውን ውል ሪኒው አናደርግም ይላል። ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ መፍትሔ አመጡ። የጁምዓው ስብከት በሰባት ደቂቃ ይጠር፣ የዐርብ ማኅበሩ ስምንት ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምር። በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ለእሑድ ስብሰባ አስያዙ። ዐርብ ዕለት ወደ እኔ መጡ።

“ቆጥሬዋለሁ” አሉኝ። “አምስት አምስት ነው የምንሆነው። ከነሱ አንዲት ሴት ትደግፈናለች። ከናንተ ግን ሙባሽር ይቃወማል። እሱን ብታናግሪው ስድስት ለአራት ያልፋል፣ እኔም ድምፅ መስጠት አያስፈልገኝም።”

“እርስዎ አያናግሩትም?”

“እኔን አይሰማኝም። አንቺ እኅቱ ነሽ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሙለር በምን እንደወደቀ ነግሬሻለሁ? ስለ ሥራ አጦች መድን ሲከራከሩ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ ሩብ፣ ከአሠሪውም ከመቶ ሩብ ይጨመር አይጨመር ብለው። በዚያች ሩብ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሂትለር እስኪመጣ ድረስ አብላጫ ድምፅ ያለው መንግሥት አላዩም። ይህም በመጋቢት ነበር” አሉኝ።

ምን እንደመለስኩላቸው አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። “ጋሼ፣ በጁምዓ ላይ ሰባት ደቂቃ ይቀነስ ብዬ የገዛ ወንድሜን አልለምንም። የናንተ ሰዎች አሥራ አምስቱን ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ?” አልኩ። ኮራሁ። ለእናቴ ቀን መዋያ የነበረውን ቤት በሰባት ደቂቃ ኩራት ለወጥኩት። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ዘውዴ ስትሪትሃም ቤቱ የራሱን ሰዎች ሰበሰበ። እሳቸውንም ጠራቸው። “ሊቀመንበር ከመሆንዎ በፊት የኛ ሰው ነዎት” አላቸው አሉ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንቃወማለን ብለው ወሰኑ። አንዲቷ ሴት እሺ አላለችም። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት የቀራቸው ጋሽ ሰይፈሥላሴ ግን ዝም አሉ።

እሑድ ተሰበሰብን። የሚደግፍ ተባለ፤ እኔና ሦስት የኛ ሰዎች፣ ከነሱ ያቺ ሴት፣ አምስት። የሚቃወም ተባለ፤ ዘውዴና ሦስቱ፣ ከኛ ሙባሽር፣ አምስት። ዘውዴና ሙባሽር በሕይወታቸው የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁላችንም ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን። ፊታቸው ላይ የገዛ ጽሑፋቸው ተዘርግቷል። አላዩትም። ቀኝ እጃቸው ቀስ እያለ ተነሣ፣ ከዘውዴ ጋር።

ቃለ ጉባኤው ላይ ስድስት ለአምስት ብዬ ጻፍኩ።

ሁሉም ሲወጣ፣ “ለምን?” አልኳቸው።

“ቡድኑ ወሰነ” አሉኝ።

“ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት።”

“አውቃለሁ።” ኮታቸውን ለመልበስ ሲታገሉ እጅጌው አልገኝ አላቸው፤ እንደ ልማዴ ላለብሳቸው ብዬ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። “ጀርመን ሳለሁ ፍቅርተማርያም የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። የተማሪው ማኅበር ለሁለት ሲከፈል ይባረር ተባለ። ቡድኑ ወስኖ ነበርና እጄን አወጣሁ። ማታ ቤት ስገባ ራት ሠርቶ ጠበቀኝ። ቡድን ሲወስን እጅ ማውጣት ነው የተማርነው መስቱራ። ሌላ አልተማርንም።”

አላዘንኩላቸውም። አሁንም አላዝንም። ሰው ስሕተቱን በሦስት መቶ ገጽ ጽፎ ካነበበ በኋላ ሲደግመው ምን ተብሎ ይታዘንለታል?

ኮሚቴው በሳምንቱ ፈረሰ። በሰኔ ቁልፉን አስረከብን፤ ሰሌዳውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። አዳራሹን የውሻ ማሠልጠኛ ወሰደው፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። ዐርብ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ባዶውን ይውላል። ለሩብ ሰዓት የተጣላንበት ቀን አሁን ሙሉውን ማንም አይፈልገውም። ሙባሽር ትልቅ መስጊድ ሄዶ ይሰግዳል፣ ዘውዴም ማኅበሩን ቤቱ አድርጎታል። እያንዳንዱ የአብዬን ወደ እምዬ እያለ ይኖራል። እኔም እንዲሁ።

ለእናቴ እውነቱን መናገር አቃተኝ። “ለጥገና ተዘግቷል” አልኳት። እትዬ ጌጤነሽም ከሷ ሰምታ ያንኑ አመነች። እናቴ ጥቂት ወር ቤት ተቀመጠች። በጥቅምት አንድ ዐርብ ደንበኛዬ ሆስፒታል ገብታ ሺፍቴ ካንስል ሆነና በጊዜ ቤት ስመለስ እናቴ የለችም። ስልኳን አታነሣም። አሥራ ስምንት ቁጥርን ለይታ እንደምታውቅ ትዝ ሲለኝ ተሳፍሬ ሃርልስደን ሄድኩ።

ከተዘጋው አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው አውቶቡስ መጠበቂያ ውስጥ አገኘኋት። ብርድ ነው፣ ያካፋል። ጉልበቷን ስለሚያማት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ትሰግዳለች። እግሯ በካልሲ ብቻ ነው። አጠገቧ እትዬ ጌጤነሽ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። እንዳየችኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። በኋላ እንደነገሩኝ ከመስከረም ጀምረው ዐርብ ዐርብ እዚያ ይገናኙ ነበር።

እናቴ ሶላቷን በሰላምታ ስትጨርስ ጋሽ ሰይፈሥላሴ የገበያ ቦርሳ ይዘው በመንገዱ መጡ። ከሰኔ ወዲህ አላየኋቸውም፣ ከስተዋል። ሲያዩን ሊያልፉ ፈልገው ነበር፤ እናቴ ቀደመቻቸው።

“ሊቀመንበራችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥገናው አለቀ? ቁልፉን ይዘው መጡ?”

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወደ እኔ ዞሩ። “አልነገርሻቸውም?”

“እርስዎ ይንገሯት” አልኳቸው።

ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። እናቴ ፊት ቆሙና፣ “ጥገና አይደለም እመት። አዳራሹ ተወስዷል። እኔ ነኝ ያስዘጋሁት፣ በዚህ እጄ” አሉ። እጃቸውንም አሳዩዋት።

እናቴ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም ሰባቱን ደቂቃ ያኔም አልነገርኳትም።

እትዬ ጌጤነሽ ጆሮዋ ከከበደ ቆይቷል። “ምን አሉ?” ብላ እናቴን ጎሰም አደረገቻት።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ከጌጤነሽ ጭን ላይ ወሰደች። አንዱን አጠለቀች፣ ሁለተኛውን አጠለቀች።

“ጥገናው ገና ነው አሉ” አለቻት፣ ጆሮዋ ሥር ጮክ ብላ። “የዛሬ ሳምንትም እዚሁ ነን።”