ባዶውን የማይመለሰው ጮጮ

ጮጮን በኦሞ ሳሙና ያጠበ ሰው ከዘርፈሽ በፊትም ከዘርፈሽ በኋላም ያለ አይመስለኝም። ከአሬሮ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች መንደር፣ ሰው ስሟን እንኳ በቅጡ ሳይዝ ያወቀላት ይህንኑ ነበር።

እሷና ባሏ ወንዶሰን የመጡት ከሆሳዕና ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በቆርቆሮ የሠራት አንዲት ክሊኒክ ነበረችና ዘርፈሽ በነርስነት፣ ወንዶሰን በአስተማሪነት፣ በጎ ፈቃደኞች ተብለው ለአንድ ዓመት ተላኩ፤ መጡና በዚያው ቀሩ። ጠዋት እሷ የሕፃናት ዓይን ታጥባለች፣ ፋሻ ትጠመጥማለች፣ ምጥ የያዛት ሴት በአህያ ስትመጣ ታዋልዳለች። እሱ ግራር ሥር ሰሌዳ አስደግፎ ከብት ጥበቃ ያልሄደውን ሁሉ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ የጉድጓድ ውኃ ወረፋ አለ፤ ሲመሽ የባለሱቁ የፋዲል ሻይ። አንዳንዴ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥተው ለዘመድ ይደውላሉ። «ሕዝቡን እየረዳን ነው» ይላሉ። መንደሩ ቢሰማቸው ኖሮ ሳይስቅ አይቀርም ነበር፤ እሱ እነሱን የሚረዳ ይመስለው ነበርና።

የመጀመሪያው ገና ሲደርስ ፍየል ገዙ። ችግሩ ቢላዋው ላይ መጣ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ ጎረቤት አይበላም፤ አንድ ሙሉ ፍየል ደግሞ ለባልና ሚስት ምን ይሠራል? ወንዶሰን ብዙ አላሰበም፤ ቢላዋውን አውጥቶ ለፋዲል ሰጠው።

«እኛ አንተ ያረድከውን እንበላለን። እረድልንና ሁሉም ይብላ» አለው።

ፋዲል ቢላዋውን አገላብጦ አየና «የእናንተን በዓል እኔ ላርደው?» ብሎ ሳቀ። አረደው። ከዚያ ወዲያ ገና በዚያ መንደር «የፋዲል በዓል» ተባለ፤ ፋዲልም ቀኑን ከወንዶሰን ቀድሞ ማስታወስ ጀመረ።

አዴ ጉያቱ የመጡት የዚያን ዕለት ነው። ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ገልገሎ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ እንጂ ሴት ልጅ ያልነበራቸው ረጅም ሴት። ከሥራሥር ተጎንጉኖ የተሠራውን የወተት ዕቃ፣ ጮጮውን፣ ሞልተው በትከሻቸው አንጠልጥለው ነበር። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«አካም፣ ኢንታላኮ! ዛሬ ያንተ አያና ነው። በአያና ቀን ወተት የሌለው ቤት ቤት አይደለም። አንተ እዚህ ሰው የለህም፤ እኔ አለሁ።»

አካም ሰላምታ ነው፤ ኢንታላኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ አያና በዓል፤ አዴ ደግሞ እማማ እንደማለት። ዘርፈሽ እናቷን ያጣችው ነፍስ ሳታውቅ ነው። «ልጄ» ብሎ በር ላይ የቆመላት ሰው አልነበረም። ጢስ ጢስ የሚለውን ወተት እያለቀሰች ጠጣችው።

ውለታ ለመመለስ ብላ ጮጮውን በኦሞ ፈትጋ አጠበችው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው! ጮጮ እኮ በፍም እየታጠነ ስንት ጊዜ ጢስ የጠጣ ዕቃ ነው፤ ጣዕሙም ወተቱን ከመበላሸት የሚያቆየውም ያ ጢስ ነው። አዴ ጉያቱ ክዳኑን ከፍተው ቢያሸቱት የሳሙናው ሽታ አስነጠሳቸው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ እሳት አስነድደው፣ ፍሙን ውስጡ እንዴት እንደሚያገላብጡት፣ ክዳኑን መቼ እንደሚገጥሙት አስተማሯት።

«ደግሞ ባዶውን አይመለስም» አሉ።

«እሱስ አገሬም አለ» አለችና ስኳር ጨመረችበት።

እንዲህ ሆኖ ለመደ። በገናም በፋሲካም ወተት ይመጣል፣ ስኳር ይመለሳል። ዘርፈሽ እናት አገኘች፤ አዴ ጉያቱም ሴት ልጅ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። ሁለት ሺህ አሥራ አራት ሲብት ከብቱ የቆመበት መውደቅ ጀመረ፤ ሰው እየደገፈ ሊያነሣው ይሞክራል፣ መልሶ ይወድቃል። የአዴ ጉያቱ ላሞች በየተራ አለቁ። ክሊኒኩ ክንዳቸው የሰለለ ሕፃናት ሞሉት። በዚህ መሀል ገና ደረሰ።

«ሰው እየራበው ፍየል እናርዳለን?» አለች ዘርፈሽ።

«ፍየሉ ይቅር። ግን በር ከፍተን ለሚመጣው ሰው ምን እናቀርባለን?» አለ ወንዶሰን።

ዘርፈሽ ሌላ ነገርም ፈርታለች። አዴ ጉያቱ ባዶ እጃቸውን መምጣት አፍረው ሲሳቀቁ ማየት አልቻለችም። ስለዚህ መድኃኒት ለማምጣት ብለው፣ በዓሉን ለማንም ሳያነሡ፣ ዋዜማውን ቤታቸውን ቆልፈው ነገሌ ገቡ። ገናን እንደማንኛውም ቀን ሽሮ በልተው ዋሉ። በክፋት አልነበረም። ሌላ አገር ቢሆን እንዲያውም ጨዋነት ይባል ነበር። እዚያ መንደር ግን በችግር ቀን በሩን የሚዘጋ ሰው የሚሰጠው ያጣ ሰው አይደለም፤ ዝምድናውን የቆረጠ ሰው ነው። እነሱ ይህን እስኪያውቁ ረፈደ።

ሲመለሱ ጮጮው በራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ዘርፈሽ ከፈተችው። ከሥሩ ትንሽ ወተት ነበረበት፤ ረግቷል።

«አዴ ጉያቱ ናቸው» አላት ፋዲል። «የማን ፍየል ወተት እንዳላት እየጠየቁ በየቤቱ ዞሩ። ከዚህም ትንሽ፣ ከዚያም ትንሽ ሰጧቸው። ‹ሲስተር በአያና ወተት ካጣች እኛ ምን ሰዎች ነን› ተባለ። ከጠዋት ጀምረው በራችሁ ላይ ተቀመጡ። ነገሌ ሄደዋል አልኳቸው። ‹በአያና ቀን?› አሉኝ። ምን ልበል?»

እነሱ ሳይመለሱ፣ በበዓሉ ማግሥት፣ ገልገሎ እናቱን በጭነት መኪና አሳፍሮ በሜጋ መንገድ ወዳለው የተረጂዎች መጠለያ ወስዷቸው ነበር።

ዘርፈሽ ጮጮውን አጠነችው፤ ስኳር ሞላችበት። በዚያው ሰሞን ኩፍኝ ገባ። ሕፃናቱን ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ ነገ ነገ ስትል ሰነበተች። መጠለያው ስትደርስ ገልገሎ ከላስቲክ ቤቱ ወጥቶ ተቀበላት።

«አካም ገልገሎ፣ ናጋ?»

ናጋ አላለም፤ ሰላም ነው አላለም። ዓይኑን ከጮጮው ላይ መንቀል አቃተው። ያኔ ገባት።

ከአዴ ጉያቱ መቃብር አጠገብ ብዙ ተቀመጡ። ስትነሣ ጮጮውን ዘረጋችለት።

«አልወስድም» አለ። «የእናት ጮጮ የሴት ልጅ ነው። ልጅዋ አንቺ ነሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስክትሞት ትጠይቀኝ ነበር። ‹ኢንታላኮ በምን ተቀየመኝ? ምን በደልኩት?› ትላለች። አላውቅም አልኳት። በምን ነበር?»

«በምንም» አለች ዘርፈሽ። «በምንም፣ ገልገሎ! እንዳይሳቀቁብኝ ብዬ ነው እኮ...»

ገልገሎ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እንዳላመናት ግን ገባት።

ዛሬም እዚያው መንደር ናት። ዝናቡ ተመልሷል፤ ፋዲልም ማረዱን ቀጥሏል። ገና ሲሆን በሩን ከሁሉ ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት። ጮጮው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ስኳሩ እስካሁን አለበት።