ከቡህያው ስር የወጣው ውሃ

ኬሚስትሪን ማን እንደፈጠራት አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምለው አለኝ። ሁለት ጊዜ ጥላኛለች። ካርቱም ያለው የሐበሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላውን ሁሉ አልፌ በሯ ላይ ቆማ አላሳልፍ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ዳይሬክተሩ "ሦስተኛው የመጨረሻህ ነው፣ ኻላስ" አለኝ። የማለፊያ ወረቀቱን ከያዝኩ ኮሌጅ እገባለሁ። ካልያዝኩ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሊቢያ የሚሄደው ጭነት መኪና ላይ ነኝ። ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት የምትሰራው እህቴ ይሄን ስነግራት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሳላጠና ቀርቼ አልነበረም የወደቅኩት። መጽሐፉን ከነገጽ ቁጥሩ ሸምድጄዋለሁ። ግን ጥያቄው ከገጹ ወጥቶ ብቻውን ሲመጣ አላውቀውም፤ ዩኒፎርሙን አውልቆ መንገድ ላይ እንደምታገኘው ፖሊስ።

ያኔ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ የምንቀባው ከቲቸር ጋር ነበር። ቲቸር በፖለቲካ ምክንያት ከአገር ሳይወጡ በፊት ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር፤ እዚህ ቀለም ቀቢ ሆኑ። ቀለሙን ሱዳኖቹ ቡህያ ይሉታል፣ እኛም ቡህያ ብለን ቀረን። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጽሐፌን ከእጄ ነጥቀው ከረጢት ውስጥ ከተቱትና ከሰል ሰጡኝ።

"ትናንት ያነበብከውን ግድግዳው ላይ ጻፍ።"

"የሰው ግድግዳ ላይ?"

"ልንቀባው አይደል እንዴ? ያላ!"

እንዲህ ጀመርን። የማስታውሰውን እጽፋለሁ፣ ያያሉ፣ "ተሳስተሃል" ይላሉ። የቱ ጋ? አይናገሩም። ፈልጌ አርማለሁ፣ ከሰሉን በእርጥብ ስፖንጅ አጠፋለሁ፣ እንቀባለን። በነጋታው ያንኑ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ መጽሐፍ ሳላይ እንደገና። "የሳሎኑን ካልቻልክ መኝታ ቤት አትገባም" ይሉኛል። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀውኛል፤ በከሰል እንጂ በሌላ እንዳልጽፍ።

መኝታ ቤቱ ጋ ስንደርስ ተጣላን። ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ውሃ ሲሆኑ ባላንስ አድርግ አሉኝ። በግራ ኦክስጂን ሁለት ነው፣ በቀኝ አንድ። ምን ይከብዳል? ውሃው እግር ስር አንዲት ትንሽ ሁለት ጨመርኩና H₂O₂ አደረግኩት።

"ተሳስተሃል።"

"ቲቸር ይቁጠሩት! ሁለት ሁለት፣ ሁለት ሁለት!"

"ቆጠራው ልክ ነው።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያ ተሳስተሃል።"

እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ ነው፣ ተሳስተሃል! ሦስት ቀን ሙሉ ይሄንኑ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ቀይ ማርከሬን አወጣሁና ያችኑ H₂O₂ ክንዴን የምታክል አድርጌ ጻፍኳት፤ ይዩት ብዬ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩና ሳያዩት ሮለሩን አንስቼ ቀባሁበት። ነጭ ሆነ። እኔም ተነፈስኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት የቤቱ ባለቤት፣ ሐጃ፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትጮህ ሰማን። ማርከሩ ቡህያውን በልቶ ወጥቷል። ነጩ ግድግዳ ላይ ቀይ ፊደል።

"ሲህር!" ትላለች፣ እግሯን ወደ ውስጥ አታስገባም። "የሐበሻ ድግምት ነው! ከአልጋዬ በላይ!"

ቲቸር ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። "የጻፍከው አንተ ነህ። አስረዳት።"

ባለችኝ አረብኛ "ሐጃ፣ ዎላሂ ውሃ ነው። ውሃ ብቻ" አልኳት።

"ውሃ አይደለም፣ ሐጃ" አሉ ቲቸር ቀዝቀዝ ብለው። "ፋርማሲ የሚሸጠው ቁስል ማጠቢያ ነው። ያ ቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣው።"

ሐጃ ሄደች። ስትመለስ ቡናማ ጠርሙስ ይዛለች። መነጽሯን አድርጋ የጠርሙሱን ወረቀት አየች፣ ግድግዳውን አየች። ጠርሙሱ ላይ በትንሹ የተጻፈው ያው ነው፤ የእኔው H₂O₂።

"እንደዛ ከሆነ ድግምት አይደለም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ ግድግዳዬ ምን ቆስሎ ነው?"

ቲቸር ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብለው ዘረጉልኝ። "ውሃ ነው ብለሃል አይደል? ጠጣዋ!"

እንደ ጅል ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ። ስንት ዓመት እነዚያን ትንንሽ ቁጥሮች እንደ ሒሳብ እነካካቸው ነበር። ለካ ትንሿን ቁጥር ስትነካ ዕቃው ራሱ ይቀየራል፤ ውሃህ ውሃ መሆኑ ይቀራል። ብዛት ከፈለግክ ከፊት ነው የምትጨምረው። ገባኝ ልበል? ገባኝ አልልም። ግን እጄ ውስጥ ነበረ።

ሐጃ ማስተካከሉን በእኔ ላይ ፈረደች። ማርከር ዝም ብለህ ብትቀባው ደግሞ ይወጣል፤ መፋቅ፣ ስቱኮ መምታት፣ ከዚያ ሁለቴ መቀባት አለ። ለሽምደዳ ያስቀረሁት የመጨረሻው ቀን አቧራ ስውጥ አለቀ። ቲቸርን በልቤ ስሰድብ ዋልኩ። ከመቀባቴ በፊት ግን ማንም ሳያዘኝ በከሰል ጻፍኩ፤ ከሃይድሮጂኑ ፊት ሁለት፣ ከውሃው ፊት ሁለት። ቲቸር በሩ ላይ ቆመው አዩት። "ተሳስተሃል" አላሉም። ከእሳቸው ይሄ ምስጋና ነው።

ፈተናው ላይ ውሃ አልመጣም። ብረት ዝጎ መጣ። ቁጥሮቹ አልገጥም አሉኝ፣ እጄ በልማዱ ወደ ታች ወደ ትንሿ ቁጥር ወረደ። ያች ቡናማ ጠርሙስ ትዝ አለችኝ። እጄን ወደ ፊት መለስኩት። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። ገጠመ።

አለፍኩ። በስንት እንዳትሉኝ፤ በጠባቧ በር ነው የወጣሁት። ጭነት መኪናው ያለ እኔ ሄደ። ኬሚስትሪ ውስጥ ሞል የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ግን ዛሬም አልገባኝም፤ ቲቸርን ስጠይቃቸው ከሰል ያቀብሉኛል።