ባለኩታው የተለወጠ ጊዜ

ከዓረብ አገር የመጣ ሻንጣ ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ፤ የሳሙና፣ የሽቶና ያልተለበሰ ልብስ ሽታ ተደባልቆ። ልጅ ሳለሁ ያንን ሽታ የማውቀው ከጎረቤታችን ከከማል ቤት ነው። እናቱ እትዬ ዘሀራ ከማል ገና ድክ ድክ ሲል ሰው ቤት ልትሠራ ባሕር ተሻግራ ነበር። እሱ መካነ ሰላም ከአያቱ ከሼህ እንድሪስ ጋር ቀረ። ሼህ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስታንኳኳ እኛ ከሥሯ የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምን እንጫወታለን።

ከሻንጣው ውስጥ የኛ ድርሻ ከልብሱ ሥር ነበር የሚገኘው። እትዬ ዘሀራ የምትሠራበት ቤት ልጅ አይቶ የጠገባቸውን የሥዕል መጽሔቶች ሰብስባ ትልክልናለች። ፊቱን በጭምብል የሸፈነ፣ ከትከሻው ነጭ ጨርቅ የሚወርድ፣ ከፎቅ ፎቅ እየዘለለ የተጨነቀ የሚያድን ጀግና ነበረባቸው። ጨርቁ የአባቴን ኩታ ስለሚመስል "ባለኩታው" አልነው። ጽሑፉ ዓረብኛ ነው። ከማል መድረሳ ቁርኣን ይቀራ ስለነበር ፊደሉን ያውቃል፤ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ትርጉሙ ግን አይገባውም። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግዕዝ ሳይገባኝ በቃሌ ስለምወጣው ነገሩ አልደነቀኝም። ታሪኩን የምትነግረን ራሷ እትዬ ዘሀራ ናት፤ ከቤቱ ልጅ የሰማችውን፣ አርብ አርብ ወደ ሼህ እንድሪስ ሞባይል ስትደውል፣ ካርዷ እስኪያልቅ።

አንድ ዓመት ለአረፋ የመጣው መጽሔት ግን ሌላ ሆነ። ባለኩታው አልጋ ላይ ወድቋል፤ ጭምብሉን አውልቆ ለአንዲት ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ገጽ የምትዘለው እሷ ናት።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ከማል መጽሔቱን ወርውሮ "ይቺ ደሞ ማን ናት? ሌላ ሰው ኩታውን ስለለበሰ እሱን አይሆንም" አለ፤ ወንዶቹም ከሱ ጋር ሆኑ። እኔ ግን ውስጤ ደስ ብሎታል። ሴት በመሆኔ በጨዋታችን ሁልጊዜ ጎርፍ የሚወስደኝ ልጅ እኔ ነበርኩ፤ አሁን የማዳን ተራዬ ደረሰ ብዬ ድርቅ አልኩ። ፍርድ ፍለጋ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድን። መነጽራቸውን አስተካክለው ሥዕሉን ብዙ አዩት።

"ኩታው ለልጅቱ ረዝሟታል፤ ማሳጠር ያስፈልጋል" አሉ። ከዚህ ሌላ አልፈረዱም።

አርብ ደረሰ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀመጠ፤ ሁላችንም ከበብነው። ከማል ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሳትም።

"እማ፣ ባለኩታውን ለምን ቀየሩት? እዚያ ላሉት ንገሪያቸው።"

እትዬ ዘሀራ ሳቀች። "አብሽር የኔ ጌታ። ፋሪስም እኮ እንዳንተው ነው የሆነው። እህል አልቀምስ ብሎ ሲያለቅስ ዋለ። አቅፌ አባብዬ ነው ያስተኛሁት።"

"ፋሪስ ማን ነው?"

"የቤቱ ልጅ ነዋ። መጽሔቱ የሱ አይደል?"

ከማል ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። "ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምታስተኚው?"

ከወዲያ ይወርድ የነበረው የቧንቧ ውሃ ሲዘጋ ተሰማ። "ልጅ እኮ ነው" አለች። "እኩያህ ነው።"

ሼህ እንድሪስ መኪናዋን አቆሙ። ስልኩን አንስተው ማጉያውን አጠፉና ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ከማል መጽሔቶቹን በሙሉ፣ አያቱ ለጨዋታችን ከአቡጀዲ ከሰፉለት ኩታ ጋር አምጥቶ ሰጠኝ። "አንቺ ሁኚ" አለኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ያን ያህል የተከራከርኩለትን ኩታ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ደጃቸው ቆምኩ። አብሮኝ የሚጫወት ግን አልነበረም።

እትዬ ዘሀራ የተመለሰችው ከዚያ ሁለት ክረምት አልፎ ነው። ከደሴ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጭቃ ለብሶ ሲቆም ሰፈሩ ወጥቶ ተቀበላት። ወፍራለች፤ ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ከማል አንገቱን ደፍቶ እጇን ጨበጠና "እንኳን ደህና መጡ" አላት፤ እንደማያውቃት ትልቅ ሰው። ልታቅፈው የዘረጋችውን ክንዷን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

ወራት እንዲሁ አለፉ። "እርስዎ" ሲላት አትቆጣውም፤ ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ከመድረሳ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀዋለች። አንድ የመስከረም ጠዋት ከአጥራችን ሥር ልብስ ሳሰጣ፣ ከወዲያ "እማ፣ የት ነሽ? ካልሲዬን አጣሁት" ሲል ሰማሁት። እናቴም ሰምታ ኖሮ "ተመስገን" አለች በለሆሳስ።

ዛሬ የእህቴ ልጅ ጀግኖቹን የሚያያቸው በስልኩ ነው። አንዱ በሌላ ሲተካ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ያለ ሰው ሲሰዳደብ ያነባል፤ እሱም ይጽፋል፣ ጥጉን ይዞ፣ ብቻውን። ንዴቱ ያው የኛ ንዴት ነው። እኛ ግን የምንናደደው በአንዲት መጽሔት ላይ ራስ ለራስ ገጥመን፣ የአንዳችን ትንፋሽ ለሌላው እየተሰማ ነበር። ሼህ እንድሪስ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ በረንዳቸውም የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ይፈልጋል።

ባለፈው አረፋ እነከማል ቤት ተጠርተን ሄደን፣ የእህቴ ልጅ እዚያም ስለተለወጠበት ጀግና ሲነጫነጭ እትዬ ዘሀራ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፈገግ አለች።

"ፋሪስ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል" አለች በኋላ። "ስወጣ ተኝቶ ነበር። እንዳያለቅስ ብዬ ሳልሰናበተው መጣሁ። ሲነሳ ሌላ ሠራተኛ ነው ያገኘው።"

ከማል ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

"ብትቀሰቅሺው ይሻል ነበር፣ እማ" አላት።