የአጎቴ ሰይድ ግራርና የጎረቤት ፍየሎች

ከደሴ የተነሳሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ በመሆኔ ቤተሰቡ ሁሉ የዛፍ ሐኪም አድርጎ ይቆጥረኛል፤ አክስቴ ፋጡማም ደውላ፣ «የሰይድ ግራር ውስጡ ተቦርቡሮ ሊወድቅ ነው። ሳይወድቅ ከዘሩ ልጅ አውጪልኝ» አለችኝ። ሰይድ ሟች ባሏ ነው፤ በሕይወት ሳለ ከዚያ ዛፍ ሥር አይታጣም ነበር። ልጅ አልወለዱም። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ?

ወደ ቆላው

ወልድያ ላይ መኪና ቀየርኩ። ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ገባና እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ። ጎብዬ ላይ ሎሚ የሚያዞሩ ሴቶች በመስኮት ሲጣሩ ነቃሁ፤ ገዝቼ እያሸተትኩ ተመልሼ ተኛሁ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ የማሽላ አገዳ ክምርና በአቧራው ውስጥ ቀስ ብለው የሚሄዱ ግመሎች አየሁ። ግመሎቹን በሕልሜ ይሁን በእውኔ ያየኋቸው እስካሁን አልለየሁም።

ሮቢትን አለፍ ብዬ ወረድኩና በባጃጅ አክስቴ ደጅ ደረስኩ። የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረበችልኝ፤ ገና ሳልጠግብ፣ «በይ ተነሺ፣ ዛፉ ይጠብቅሻል» አለች። ወይ አክስቴ!

ከአጥሩ ውስጥ

ባሏ ከሞተ ወዲህ ግራሩን ዙሪያውን በእሾህ አጥራዋለች፤ «የሰይድን ጥላ ፍየል አይደፍረውም» ብላ። ፍየሎቻቸው የተባረሩባቸው ጎረቤቷ ጋሽ ካሳውም ተቀይመው እግራቸውን አሳጠሩ። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል በወንፊት እንደተነፋ ይወርዳል፤ ንብ ከላይ ያንጎራጉራል። ለምን እንደመጣሁ እስክረሳ ድረስ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ፈለግሁ። አንድም ቡቃያ የለም። መሬት ላይ የከረመውን ጥምዝ ፍሬ ብፈለፍል ብፈለፍል ሁሉም ነቀዝ የበሳው ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ፤ ዝቅ ብለው የወጡት አዳዲስ ቅርንጫፎች እሾሃቸው አጭር ነው። ከአጥሩ ውጭ ያሉት፣ ፍየል የሚቀነጥባቸው ግራሮች ግን እሾሃቸው የጆንያ መስፊያ ያህላል። የሚበላው ሲጠፋ ዛፉም መታጠቁን ትቷል።

ከበረቱ ጥግ

ጋሽ ካሳውን ሰላም ልል ጎራ አልኩ። በፍየል በረታቸው ጥግ፣ ከበጠጡ መሃል፣ ትንንሽ ግራሮች ቆመዋል።

«ማን ተከለው?» አልኳቸው።

«ማን ይተክለዋል ልጄ? ከፍየል በረት ግራር መቼ ጠፍቶ! በየዓመቱ እየነቀልኩ እጥላለሁ።»

እኛ ጣቢያ የግራር ዘር በፈላ ውሃ ካልነከርነው ቅርፊቱ ጠንክሮ አይበቅልም። ከእኛ በፊት ማን ያፈላለት እንደነበር አስቤ አላውቅም። ለካ ፍየሏ ሆድ ውስጥ ነው ምድጃው! ፍሬውን ነቀዝ ሳይቀድማት ትበላለች፣ ዘሩን አለስልሳ ከበጠጧ ጋር ሩቅ ትጥላለች። ዛፉ ቅጠሉን በእሾህ ይከለክላታል፣ በፍሬው ይጠራታል። እንዲህ እየተጣሉና እየተፈላለጉ ነው አብረው የኖሩት።

ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ያረቢ! እኔ ነኛ ዘሩን ያስቀረሁት?»

«አብሽሪ አክስቴ፤ የዘንድሮው ፍሬ ገና ከላይ አለ። ደሴ ወስጄ ላበቅለው እችላለሁ።»

«ደሴ? ሰይድ ብርድ መች ይወድ ነበር!» አለችና እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ሂጂ፣ ካሳውን ጥሪልኝ።»

ጋሽ ካሳው ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ፤ ፈገግታቸውን ሊደብቁ አልቻሉም። «ምነው ፋጡማ፣ ሰርግ ነው የጠራሽን?»

«አፍህን ያዝና አጥሩን አንሳ!»

እሾሁ ገና ሳይነሳ አንዷ ሾልካ ገባችና በኋላ እግሯ ቆማ ቅርንጫፍ ያዘች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ!» ብለው ጋሽ ካሳው ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም። ቤት ገብታ ረጅም ቆልማማ ዘንግ ይዛ ወጣች፤ ሰይድ ፍሬ እያራገፈ ፍየል ያበላበት የነበረው ነው። ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ቅርንጫፉን ያዘችና ነቀነቀች፤ ፍሬው ራሷ ላይ፣ ፍየሎቹ ላይ ዘነበ። ያን ጊዜ ሳቀች።

ደሴ

በማግስቱ ኪሴ ውስጥ አንድ ጥምዝ ፍሬ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ፍቅር ያለበት አጥር ሁልጊዜ ጥበቃ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም። ክረምት ሲገባ አክስቴ ደወለች።

«ግራሮቹ በቅለዋል! ካሳው እንኳ ዘንድሮ አልነቀለም። አንዲት ትንሽ አጥር ባጥርላቸውስ?»

«እጠሪላቸው፤ እስኪጠነክሩ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፍየሎቹን ትጠሪያለሽ።»

ዝናቡ ቆርቆሮዋን ሲመታ በስልኩ ይሰማኛል።

«እሺ» አለች። «ዘንጉን በር ላይ አቁሜዋለሁ።»