የእንዳለ መጥረቢያ

እናቴ አዲሱን እጀታ ዳሰስ አደረገችና «የድሮው እንጨትስ የት አለ?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት መካኒሳ አቦ፣ እናቴ አልጋ ሥር፣ እጀታው የተሰበረ መጥረቢያ አገኘሁ። ዝገቱን ስፍቀው በሞረድ የተቀረጸችው የታላቅ ወንድሜ የእንዳለ ምልክት ወጣች። እንዳለ በደርግ ጊዜ ለውትድርና ታፍሶ በዚያው ቀረ።

ደስ ይበላት ብዬ አዲስ የወይራ እጀታ ገጠምኩለት። (ዩቲዩብ አይቼ ባለሙያ ሆኛለሁ!) ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ስባሪ አውጥቼ ምድጃው ላይ የሚነደው ከሰል ውስጥ ጣልኩት።

«አቃጠልኩት» አልኳት።

«ብረቱንማ ከገበያ ነው የገዛነው» አለች ቀስ ብላ። «የልጄ የእጁ ሥራ እንጨቱ ነበር።»

አሁን ምድጃው ሥር ተቀምጣ አመዱን በጣቷ ትበረብራለች።

እናንተስ፣ ላስደስት ብላችሁ ያጠፋችሁት ነገር አለ? እባካችሁ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።