አንገቷ የተሰበረባት ሰዓት

ባሌ ከኔ በፊት የያዛት አንዲት ሰንሰለታም የኪስ ሰዓት አለችው። ከአባቱ የወረሳት ናት። ድሮ ቴፒ በኩል ቡና መዛኝ ሆኖ ሲሠራ ጀምሮ ከደረት ኪሱ ተለይታው አታውቅም። እኔን እንኳ እንደሷ አቅፎኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ጣውንቴ እላታለሁ።

አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ደጅ የቆመ ሰው ከሙዝ ተክል አይለይም። ግን ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጣውንቴን ይሞላታል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፋታል፣ ከዚያ ነው ፊቱን ታጥቦ ደጅ የሚወጣው።

በቀደም ሲሞላት ቀጭ አለችና የመሙያዋ ዘንግ ተሰበረ። ጭንቅላቷ ጣቱ መሃል ቀረ። ጨበጠውና ተመልሶ ተኛ።

«ተነስ እንጂ፣ ፀሐይ ወጥታለች» ስለው፣

«በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

በማግስቱም ያው። ቁርሱን አልጋው ድረስ ወሰድኩለት። መጀመሪያ ሳቅኩበት፣ ኋላ ግን ፈራሁ። በኛ ዕድሜ አልጋ የለመደ ሰው መልሶ አይነሳም፤ ጎረቤታችንን አይቻለሁ።

ሰዓቷን በመሐረብ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። «ቶሎ ንዳልኝ ልጄ፣ አንገቷ ተሰብሯል» አልኩት።

«የማን፣ ማዘር?»

«የጣውንቴ።»

ነዳ ነው የምላችሁ፣ የሚዛን ከተማን ጉድጓድ ሁሉ እየዘለለ፣ ጭቃውን መንገደኛው ላይ እየረጨ። ቀና ስል ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞኛል።

«እዚህ ምን ልሠራ?»

«ታዲያ እዚህ አይደለም እንዴ የተኛችው?»

መሐረቡን ፈትቼ አሳየሁት። አያትና «ማዘር፣ እኔ እኮ በጣም አዝኜልዎት ነበር» አለ።

«እኔ ግን አላዘንኩላትም» አልኩት። እየሳቀ ወደ ገበያ መለሰኝ።

ሰዓት ሠሪው ከጆንያ ሻጮቹ ጎን ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጥ ጎልማሳ ነው። አሁን አሁን የሚበዛበት ስልክ ነው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከፈታትና ውስጧ የቀረውን ስባሪ በመቆንጠጫ አወጣ።

«እማማ፣ ይቺ እኮ በዕድሜ ከርስዎም ትበልጣለች። ዕቃዋ የለም።»

«ይህችን ለባሌ ንገርልኝ» አልኩት።

የሞቱ ሰዓቶች የታጎሩበት ቆርቆሮ ውስጥ ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ዘንግ ሞከረላት። ገባ፣ ዞረም፤ ግን ረዘመ። በፒንሳ ሊቆርጠው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተወው።»

«አንገቷ ወጥቶ ይቀራል እማማ። አቧራ ይገባባታል።»

«የሰውዬው ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም አያይም። እንደ ድሮው ካስገባህበት ዳብሶ አያገኘውም።»

«ሰው ቢያያት እኮ ‹ማነው እንዲህ የሠራት?› ይላል። እርስዎ ስሜን ያስጠፉኛል።»

«ባለቤቱ አያይም አልኩህ።»

ሳቁ አመለጠውና ፒንሳውን አስቀመጠ። ከቆርቆሮውም ተለቅ ያለ፣ ጥርሳም ጭንቅላት መርጦ አሰረላት።

ቤት ስደርስ እንደተኛ ነው። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዳሰሳትና ፊቱ ጨፈገገ።

«ይቺ የኔ አይደለችም። አንገቷ ረዝሟል።»

«አርጅታ ነዋ። ያንተስ ጆሮ ረዝሞ የለም?»

አልሳቀም። አሁን ወደ ግድግዳው ሊዞርብኝ ነው ብዬ ሰጋሁ። አውራ ጣቱ ግን ያንን ጥርሳም ነገር ሳይፈልገው አግኝቶታል። ቀስ እያለ ሞላት። ጆሮው ላይ ለጥፏት ቆየና እግሩን ከአልጋው አወረደ።

«ስንት ትላለች?» አለኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሷ ቁጥር ደግሞ እንጨት እንጨት የተደረደረ የፈረንጅ ነው። በበሩ ብቅ ብዬ የሙዙን ጥላ አየሁና «ስድስት ሊሆን ነው» አልኩት።

«ልክ ነች» አለና ከዘራውን ጠየቀኝ።